ጉዞ ማኅበር ይወዳል
በራሳቸው መንገድ አገራቸውን ማየት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች፦ ከድሬዳዋ እንጀምር

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ውድ አንባቢ፣ የእርስዎ ልጆች የሚናፍቁት አገር የቱ ነው? ከሰፈራቸውና ከትምህርት ቤታቸው ውጪ በእግራቸው የረገጡት፣ ምግቡን የቀመሱት፣ ስሙ ሲነሳ «እዚያ እኮ ሄደን ነበር!» የሚሉት ከተማ ስንት ነው? በብዙዎቻችን ቤት መልሱ ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም። በአንዳንዱ ቤት ጭራሽ የለም። ልጆቹ ሐረርን በመጽሐፍ፣ ድሬዳዋን በዜና፣ ቁልቢን በአያታቸው ወሬ ብቻ ያውቃሉ።

ለምን እንደሆነ ስንጠየቅ ቶሎ የሚመጣልን መልስ ገንዘብ ነው። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። ግን ለአንድ ልደት ወይም ለአንድ ምርቃት ድግስ የምናወጣውን ስናሰላ፣ ነገሩ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቀረን አለማወቅ ነው። መንገዱ እንዴት ነው? የት ይታደራል? ከሕፃን ጋር ይመቻል? ውሃው እንዴት ነው? ለባጃጅ ስንት ይከፈላል? የሚመልስልን ስናጣ «ለከርሞ ይሁን» እንላለን። ከርሞም ይመጣል፣ ያልፋል፤ ልጆቹም ያድጋሉ።

ለዚህ ችግር በእጃችን ያለ፣ ከሌላም ቦታ መዋስ የማያስፈልገን መፍትሔ አለ። ማኅበር ነው። ዕቁብ የጠጣ፣ ዕድር የከፈለ፣ ጽዋ ያዞረ ሰው የጉዞ ማኅበርን ለመምራት ትምህርት አያስፈልገውም።

በራስ መጓዝ ብቻን መጓዝ አይደለም

አስጎብኚ ድርጅት ያዘጋጀውን ጉዞ በጥቅል ሳይገዛ፣ መጓጓዣውን፣ ማደሪያውንና የሚያየውን ራሱ መርጦ የሚሄድ ሰው በራሱ መንገድ የሚጓዝ እንለዋለን። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ማንም የማያስፈልገው ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በድርጅት የሚጓዘው ሰው ሲቸገር የሚደውልለት አለው። በራሱ የሚጓዘው ግን ያለው ሀብት ከእሱ በፊት የሄደ ሰው ወሬ ነው። ስለዚህ ማኅበር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ይህን ሌሎችም ቀደም ብለው ደርሰውበታል። በለንደን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ጀምሮ በራሳቸው መንገድ የሚጓዙ ሰዎች የመሠረቱት «ግሎብትሮተርስ» የሚባል ክበብ አለ። ዋና ሥራው ቀላል ነው፦ አባላቱ በየጊዜው ይገናኛሉ፤ ከጉዞ የተመለሰው ያየውን ያወራል፤ ሊሄድ ያሰበው ይጠይቃል። በጀርመንም ሪቻርድ ሺርማን የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ ያዛቸውና ሌሊቱን በአንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ አሳለፉ። መምህሩ ያን ሌሊት «በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ለምን የተጓዥ ወጣቶች ማደሪያ አይሆኑም?» ብሎ አሰበ። ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ ቋሚ ማደሪያ ተከፈተ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት የወጣት ተጓዦች ማደሪያዎች መነሻቸው ይኸው ነው።

እኛ ዘንድም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚተመውን ሕዝብ ያስቡት። ማንም ጥቅል ጉዞ አልሸጠለትም። ጎረቤት ከጎረቤት ተማክሮ፣ መኪና በጋራ ተከራይቶ፣ ስንቅ ተካፍሎ፣ አንዳንዱም በእግሩ ነው የሚሄደው። አምና የሄደው ዘንድሮ ለሚሄደው «እዚህ ጋ ውሃ ያዙ፣ እዚያ ጋ እደሩ» ይለዋል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወጣቶች የተጀመረው ጉዞ ዓድዋም እንዲሁ ነው። የካቲት 23 ዓድዋ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ተነስተው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው የሚሄዱት ተጓዦች መንገዱን የሚዘልቁት ተራርቀው ሳይሆን አብረው ነው። ደካማው በብርቱው ይደገፋል፤ የገጠሩም ሰው ይቀበላቸዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለምን ድሬዳዋ?

አዲስ የጉዞ ማኅበር የመጀመሪያ መድረሻውን ሲመርጥ ሦስት ነገር ቢያይ ይበጀዋል። ከአንድ በላይ መንገድ የሚወስድ፣ ለአዋቂም ለልጅም የሚታይ ነገር ያለው፣ እንግዳንም የለመደ ከተማ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ሦስቱንም ታሟላለች። እንዲያውም ድሬ ራሷ የመንገደኞች ሥራ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩን ለልጆችዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ሐረር ለመግባት በረሃውን በፈረስ 20 ቀን ፈጅቶበታል። ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ሐረር ለማስገባት ነበር። ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ባቡር ያን አቀበት ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪና ድካም ከባድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በቆላው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ድሬዳዋ ማለት ይህች ናት።

ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ሐዲዱ ለዓመታት ድሬ ላይ ቆመ። ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አጠቃላይ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ባቡሩ ድሬ ላይ ቆሞ በቆየባቸው ዓመታት ወደ መሀል አገር የሚሄድ ሰውም ዕቃም ሁሉ እዚህ ወርዶ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። የፈረንሳዩ መሐንዲስ፣ የግሪኩና የአርመኑ ነጋዴ፣ የየመኑ ባለ ሱቅ፣ ሕንዱ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ሰፈሩ። በአንዲት ድሬ ልጅ አፍ ሦስትና አራት ቋንቋ ያለ ጭንቅ ሲፈስ ቢሰሙ አይደነቁ፤ ምንጩ ይህ ነው።

የመንገደኛ ከተማ ስለሆነች ድሬ ሰው ለመተዋወቅ ጊዜ አትፈጅም። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ቤተሰብ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው። የባጃጁ ሹፌር «አቦ፣ ግባ!» ቢልዎት ንቀት አይምሰልዎት። ቤተኛ አድርጎ መቀበሉ ነው።

እንዴት ይደረሳል?

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ባቡር ነው። አሮጌው ባቡር ቀስ በቀስ ቆሞ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። ከልጆች ጋር ከሆኑ ሁለት ነገር አስቀድመው ይወቁ። አንደኛ፣ መነሻው እንደ ድሮው ለገሀር ሳይሆን ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው፤ ድሬም ሲደርሱ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ወደ ማደሪያዎ የሚወስድዎትን መኪና አስቀድመው ያስቡበት። ሁለተኛ፣ የጉዞው ቀንና ሰዓት ሊለዋወጥ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ፤ የሁሉንም አዋቂ መታወቂያም ይያዙ። ምግብና ውሃ ከቤት ይያዝ። በመስኮቱ የሚታየው የአዋሽ ሜዳና የቆላው ግራር፣ በየቦታው የሚታየው ግመል ለልጅ ከፊልም ይበልጣል።

ሁለተኛው የመኪና መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አዳማን፣ አዋሽን፣ ጭሮን አልፎ በሐረርጌ ተራሮች ላይ ያወጣዎታል። ይህ መንገድ ቁልቢን ያሳልፋል። ደንገጎ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጥፈው እየተጠማዘዘ በሚወርደው መንገድ ወደ ድሬ ይወርዳሉ። በዚያ ቁልቁለት ከደጋው ብርድ ተነስተው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሞቃት ከተማ ሲወርዱ ልጆቹ ሹራባቸውን አንድ በአንድ ሲያወልቁ ያያሉ። ለማረፍ አዋሽ ጥሩ ነው፤ እግረ መንገድዎን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሳላ መንጋ ማየት ይቻላል። በሌሊት አይንዱ። የመንገዱንም ሰላም ከመነሳትዎ በፊት በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ወይም እዚያ ከሚኖር ዘመድ ይጠይቁ። መልሱ ካላማረዎት ቀኑን መቀየር ሽንፈት አይደለም፤ የማኅበር አንዱ ጥቅም ይህን ውሳኔ አንድ አባወራ ብቻውን እንዳይሸከመው ማድረጉ ነው።

ሦስተኛው አውሮፕላን ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የተሰየመው በልዑል ራስ መኮንን ልጅ በደጃዝማች ይልማ ስም ነው፤ ስሙ ላይ ያለው «አባ ተና» የፈረስ ስማቸው መሆኑን ለልጆቹ መንገር አይርሱ። አረጋውያን ወላጆች ካሉ እነሱን በአውሮፕላን ልኮ ሌላው በምድር ቢሄድ ሁሉም ድሬ ላይ ይገናኛል።

መቼ ይሻላል? ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለድሬ መልካም ነው፤ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀለል ይላል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላልና ለሕፃንና ለአዛውንት ይከብዳል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን ደግሞ ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ወይ በጣም ቀደም ብለው ይያዙ፣ ወይ ሌላ ሳምንት ይምረጡ።

ሦስት ቀን በድሬ

የመጀመሪያው ቀን ለከዚራ ይሁን። ቀጥ ቀጥ ብለው የተሠመሩት መንገዶች፣ ጥላ የሚጥሉት ዛፎችና የድሮው ባቡር ጣቢያ ያሉት እዚያ ነው። ከተቻለ አስቀድመው ጠይቀው የድሮውን ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ይጎብኙ። ያረጁ ባቡሮች፣ የፉርጎ ቅሪቶችና ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ሥራ የሚያስታውሱ ማሽኖች አሉ። ፈቃድ ካገኙ የቀድሞ ሠራተኛ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ፤ ከማሽኑ ይልቅ የሰውየው ወሬ ነው ከልጅ ልብ የሚቀረው።

አንድ የድሬ ሥርዓት ይወቁ፦ ቀትር ላይ ከተማዋ ታርፋለች። ከስድስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ሰዉ ተመልሶ የሚወጣው ፀሐይ ስትበርድ ነው። እርስዎም ከከተማዋ ጋር አይታገሉ። ማለዳ ይውጡ፣ ቀትር ላይ ይተኙ፣ ማታ ደግሞ ልጆቹን ይዘው ሙሸበክ ይብሉ። ከዘይት የወጣው፣ በስኳር ሽሮፕ የራሰው ይህ ጣፋጭ ትኩሱን ሲበላ ነው የሚጣፍጠው። ፉሉ፣ ሳንቡሳውና ፈቲራው ለቁርስ ነው።

ሁለተኛው ቀን ለመጋላና ለገበያ ነው። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ነው። ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ያገኙታል፤ ልጅም «ይህ ነው እንዴ ወንዝ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በቁም ነገር ይንገሩት። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተራራው የወረደ ጎርፍ ይህን አሸዋ ሞልቶ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ድሬ ላይ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። ስለዚህ በዝናብ ወራት በአሸዋው ውስጥ ልጆች እንዲጫወቱ፣ መኪናም እንዲቆም አይፍቀዱ። የከተማዋን ደስታ የሚካፈል እንግዳ ሐዘኗንም ማወቅ አለበት።

ከዚያ ቀፊራ ይግቡ። ቅስት በሮች ባሉት በዚህ ገበያ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች በደማቅ ልብሳቸው ቅመም፣ አትክልትና ፍራፍሬ ዘርግተው ይቀበሉዎታል። ለልጆቹ ትንሽ ገንዘብ ሰጥተው የራሳቸውን ፍራፍሬ ራሳቸው ተከራክረው እንዲገዙ ያድርጉ። በኦሮምኛና በሶማልኛ «ስንት ነው?» እና «አመሰግናለሁ» ማለትን ማለዳውኑ ከማደሪያዎ ሠራተኞች ይማሩ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። እምቢ ያለን ሰው ማክበር ልጅ በዚያ ቀን የሚማረው ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ቀን ለጥንቱ ይሁን። ከከተማዋ በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሳይንስ ዓለም ከታወቀ ወዲህ የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቀይና ቢጫ አፈር ነው፦ ከ4,200 በላይ ቁርጥራጮች፣ በአጠቃላይ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ይህን አፈር ወደ ዋሻው እያመጡ፣ እየፈጩ ለቀለምነት ይጠቀሙበት ነበር፤ ይህንንም ልማድ ለ4,500 ዓመታት ያህል አልተዉትም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «እዚህ ቦታ ሰው ቀለም ይፈጭ ነበር» ብለው ሲነግሩት ፊቱን ይመልከቱ። መውጫው ዳገት ስለሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዘው ማለዳ ይውጡ፤ ለትናንሽ ልጆችና ጉልበት ለሚያማቸው አይመከርም። የግድግዳ ሥዕል ማየት የሚወድ ደግሞ ራቅ ብሎ ለገ ኦዳ ድረስ ሄዶ ጥንታውያን ሰዎች በዓለቱ ላይ የሣሏቸውን ከብቶችና ሰዎች ማየት ይችላል።

አራተኛ ቀን ካለዎት ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 አድባራት እንዳሉት ዩኔስኮ ይገልጻል። ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት ለልጆች የዓመት ወሬ ይሆናል።

ጤናን በተመለከተ አንድ ቃል። በድሬ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው በቀን ነውና አጎበር ብቻ አይበቃም። ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ። ውሃ በብዛት ይጠጡ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎት ለሐኪሙ የት እንደነበሩ ይንገሩት።

ማኅበሩን እንዴት እንመሥርት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከላይ ካነበቡት ውስጥ ብዙው በየትኛውም መጽሐፍ ሊገኝ ይችላል። መጽሐፍ የማይነግርዎት ግን የዚህን ወር ነገር ነው፦ የትኛው ማደሪያ ውሃ እንደማይቋረጥበት፣ የትኛው ሹፌር ልጆችን እንደሚታገሥ፣ የባቡሩ ሰዓት መቀየሩን። ይህ እውቀት በአገራችን ያለው በሰው አፍ ነው። የጉዞ ማኅበር ማለት ይህን በየቤቱ የተበተነ እውቀት አንድ ማዕድ ላይ መሰብሰብ ማለት ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት ቤተሰብ ይብቃችሁ። ከዚያ ከበለጠ መኪናም ማደሪያም ይቸግራል፤ ካነሰ ደግሞ አንዱ ሲቀር ማኅበሩ ይፈርሳል። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በተራ በየቤቱ ተገናኙ። ቡናና ቆሎ ይበቃል፤ ድግስ ከጀመራችሁ ለጉዞ የታሰበው ገንዘብ ለድግስ ይውላል፣ ተረኛውም ይሸሻል።

ስብሰባው ሦስት ክፍል ይኑረው። በመጀመሪያ የመንገድ ዜና ይነገራል፦ በዚህ ወር ለሥራ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ከከተማ የወጣ ሁሉ ያየውን ይናገራል። «ለጉብኝት አልሄድኩም» ማለት አያድንም። ለለቅሶ ደሴ የሄደ ሰው ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ብዙ ያውቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጉዞ ዝግጅት ይታያል። በመጨረሻ ከጉዞ የተመለሰ ቤተሰብ ካለ ልጆቹ ይናገራሉ። አዎ፣ ልጆቹ። ወላጅ ስለ ዋጋና ስለ መንገድ ያወራል፤ ልጅ ግን ስላየው ነገር ነው የሚያወራው። ነገ የሚነገርና የሚጠየቅ መሆኑን ያወቀ ልጅ በመንገድ ላይ ስልኩን አስቀምጦ በመስኮት ያያል።

ገንዘቡን እንደ ዕቁብ ያዙት፣ ግን በአንድ ልዩነት። በተለመደው ዕቁብ ባለ ዕጣው ገንዘቡን ወስዶ የፈለገውን ያደርግበታል። በጉዞ ማኅበር ግን ገንዘቡ በሁለት ሰዎች ፊርማ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ ለጋራ ጉዞ ብቻ ይውላል። ለምሳሌ ስድስት ቤተሰብ በወር 2,000 ብር ቢያዋጡ በስምንት ወር 96,000 ብር ይሆናል፤ ለመኪና ኪራይና ለመጠባበቂያ ጥሩ መነሻ ነው። ማደሪያና ምግብ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ በራሱ ይክፈል። ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው «እነሱ ሥጋ አዘዙ፣ እኛ ሽሮ» በሚል የጋራ ሒሳብ ነው።

ኃላፊነትን ተከፋፈሉ። አንዱ መጓጓዣን፣ አንዱ ማደሪያን፣ አንዱ መድኃኒትና የመጀመሪያ እርዳታን፣ አንዱ ሒሳብን ይያዝ። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች አንዱ ደግሞ የማኅበሩን መዝገብ ይጻፍ፦ የት አደርን፣ ምን ከፈልን፣ ማን ረዳን፣ ምን አስቸገረን። ያ ደብተር ከሦስት ዓመት በኋላ በገበያ ላይ የማይገኝ መጽሐፍ ይሆናል።

መለያየትንም ፍቀዱ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲጎተት በራስ የመጓዝ ጣዕሙ ይጠፋል። ማለዳ ላይ በየፊናችሁ ተበተኑ፣ ማታ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ተገናኙ። ዋሻ የሚወጣ ይውጣ፣ ጥላ ሥር ቡና የሚጠጣ ይጠጣ።

ወደ ሰው ቤት እንደምንሄድ አንርሳ

የጉዞ ማኅበር የአባላቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ድሬ የሚኖር ወዳጅ ካላችሁ አስተባባሪ አድርጉት እንጂ ሸክም አትሁኑበት። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ዘመድ ቤት ማረፍ እንግድነት ሳይሆን ወረራ ነው። በአካባቢው ሰው ማደሪያ እደሩ፣ በአካባቢው ሰው ምግብ ቤት ብሉ፣ ዋሻውን የሚያሳየውን ወጣት ተገቢውን ክፈሉት። ከሁሉም በላይ ጋብዙ። ድሬ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን ወይም ጎንደርን ማየት ይፈልግ ይሆናል፤ የእናንተ ማኅበር ተቀባይ ይሁነው። በየከተማው አንድ አንድ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢኖር የአገሩ ማደሪያ ሁሉ በሰው የታወቀ ይሆን ነበር።

በዚህ ዘመን ስለ ወገናችን የምንሰማው በአብዛኛው ከርቀት ነው፤ ከርቀት የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራው ነው። ቀፊራ ላይ ፍራፍሬ ከሸጠችለት ሴት ጋር በሦስት ቃል ኦሮምኛ የተሳሳቀ ልጅ፣ ነገ ስለዚያ ከተማ ክፉ ወሬ ሲሰማ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ይላል። ይህን በትምህርት ቤት ክፍያ መግዛት አይቻልም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፦ ለአራት ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይደውሉና የመጀመሪያውን እሑድ ይቁረጡ። ቡናው በእርስዎ ቤት ይፈላል፤ የስብሰባው አጀንዳም አንድ ብቻ ነው፦ «ድሬን ያየ ማን አለ? እስኪ ንገሩን።»